አብሽ አብሽ የሚለው የገና ከረሜላ

እማዬ ኦታዋ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ቁርስ ላይ ፓንኬክ ጋገርኩላት። ከላይ ሜፕል ሽሮፕ የሚባለውን የካናዳ ጣፋጭ ፈሳሽ አፈሰስኩበት። ሳህኑን ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ አሸተተችና ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው፣ አራስ አለ እንዴ? አብሽ አብሽ ይላልሳ!»

ሳቅኩባት። ነገሩ ግን ከነከነኝ። ቆይቼ ሳነብ ለካ እማዬ ልክ ነበረች። አብሽንም ሜፕልንም ያንን ጠረን የሚሰጣቸው ሶቶሎን የሚባል አንድ ንጥረ ነገር ነው። አብሽ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ሜፕል ላይ ደግሞ ከቫኒላና ከተቃጠለ ስኳር ሽታ ጋር ተደባልቆ ለዘብ ይላል። ሱቅ ውስጥ «የሜፕል ጣዕም» ተብሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ማጣፈጫ ብዙ ጊዜ አብሽ አለበት።

እንዲያውም ኒውዮርክ ላይ አንድ ጉድ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ምሽት ማንሃተን ሜፕል ሜፕል ሸተተች። ሰዉ ደንግጦ ለከተማው ደወለ። ሽታው በየጊዜው እየመጣ እየሄደ ዓመታት ቆየ። በመጨረሻ በ2009 ከንቲባው ማይክል ብሉምበርግ ጋዜጠኞች ጠርተው ምንጩ መገኘቱን ተናገሩ። ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ያለ ፋብሪካ የአብሽ ፍሬ ያቀነባብር ነበር። አንዲት የሐበሻ እናት ጠርተው ቢያሸትቷት ኖሮ አራት ዓመት ባልፈጀባቸው።

ይህን ያነሳሁት ገና እየደረሰ ስለሆነ ነው። ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ፤ የፈረንጆቹ ገና የሚውለው በእኛ ጾም መሀል ነው። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም፣ ልጆቹ ግን ከትምህርት ቤት ከረሜላ በከረጢት ተሸክመው ይመጣሉ። ቸኮሌቱ ወተት አለው። የሚለጠጠው ከረሜላ ጄላቲን አለው፤ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። አንድ በአንድ እያነሱ «ይሄስ ጾም ነው?» ሲሉኝ፣ ማሸጊያው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። የሜፕል ከረሜላ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግሎኛል። የሚሠራው ከሜፕል ሽሮፕ ብቻ ነው። ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ስኳር እንኳን አይጨመርበትም።

ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ምኑ ያስቸግራል? እኔም ያልኩት እንደዚያ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራዬ ጥርስ መሀል እንደ አሸዋ ተንቋቋ። ሁለተኛው አልረጋም ብሎ ሙጫ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛውን አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ሠርታው ድንጋይ ሆነባት። ሦስቱም የተበላሹበት ምክንያት ለየቅል ነው። ምክንያቱ አንዴ ከገባችሁ ግን ሁለተኛ አይበላሽባችሁም። ስለዚህ ዛሬ ከአሠራሩ ይልቅ ምክንያቱ ላይ ነው የምቆየው።

መጀመሪያ ሽሮፑን እንተዋወቅ። አገር ቤት ሽሮፕ ሲባል የልጆች የሳል መድኃኒት ነው ትዝ የሚለን። ይኼኛው የዛፍ ውሃ ነው። ሜፕል ማለት የካናዳ ባንዲራ ላይ ቅጠሉ ያለው ዛፍ ነው። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል፣ ሌሊቱ በረዶ ሆኖ ቀኑ ሞቅ በሚልበት ሰሞን፣ ግንዱ ይበሳና ውሃው ይቀዳል። ሲቀዳ ውሃ ነው የሚመስለው፤ ስኳሩ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው። እሱን እሳት ላይ ጥደው ውሃውን ያተኑታል። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ገደማ የዛፍ ውሃ ያስፈልጋል። የዛፉ አገር ሕዝቦች፣ አኒሺናቤን የመሳሰሉት፣ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ይህን ያውቁ ነበር። እነሱ ግን በአብዛኛው እስኪደርቅ አትንነው ስኳር ነበር የሚያደርጉት፤ ደረቅ ስኳር ለማስቀመጥም ለመሸከምም ይመቻላ።

ዛሬ ከዓለም ሜፕል ሽሮፕ ከመቶ 70 እጅ በላይ የሚመጣው ከካናዳ ነው፤ የዚያም አብዛኛው ከኩቤክ ክፍለ ሀገር። ኩቤክ ለክፉ ቀን እንደሚቀመጥ እህል የሽሮፕ መጠባበቂያ ክምችት አላት። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ከዚያው መጋዘን ወደ 3,000 ቶን የሚጠጋ ሽሮፕ ተሰርቋል፤ ዋጋው 18 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ነበር። ሌቦቹ በርሜሎቹን ገልብጠው ውሃ ሞሉባቸው። ሱቅ ገብታችሁ ዋጋውን ስታዩ ሌቦቹን በከፊል ትረዷቸዋላችሁ።

ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። «ሜፕል ሽሮፕ» ብቻ የሚል መሆን አለበት። ለፓንኬክ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ቡናማ ነገር ከበቆሎ የተሠራ ሽሮፕ ላይ ጣዕም ጠብ ተደርጎበት ነው። እሱን እስከ ፋሲካ ብትቀቅሉት እንዲህ ያለ ከረሜላ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ውሃ ስኳር የሚሸከመው በልኩ ነው። 100 ግራም ውሃ በቤት ሙቀት 200 ግራም ገደማ ስኳር ያሟሟል። እየፈላ ከሆነ ወደ 490 ግራም ይደርሳል። ሽሮፑን ስትቀቅሉ ውሃው እየተነነ ይሄዳል፣ ስኳሩ ይቀራል። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስታቀዘቅዙት፣ የቀረው ትንሽ ውሃ ከአቅሙ በላይ ስኳር ተሸክሞ ይገኛል።

ትርፍ የጫነ ታክሲ በሉት። ሰዉ ተጣቦ፣ ወንበር ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፀጥ ብሎ ይሄዳል። ትራፊክ ፖሊስ ድንገት ሲያስቆመው ግን ትርፎቹ በሙሉ ዱብ ዱብ ይላሉ። ድስቱ ውስጥ ትራፊኩ የእናንተ ማማሰያ ነው። እስካልነካችሁት ድረስ ሽሮፑ ያንን ሁሉ ስኳር ተሸክሞ ጥርት ብሎ ይቀመጣል። ማማሰል ስትጀምሩ ትርፉ ስኳር ይወርድና እርስ በርሱ እየተያያዘ ክሪስታል ይሆናል። ከረሜላው የሚረጋው ይኼኔ ነው።

የክሪስታሉ መጠን ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። ጥቂት ክሪስታሎች ብቻ ከተፈጠሩ ያንን ሁሉ ስኳር እነሱ ይሻሙትና ይተልቃሉ፤ ምላስ ላይ አሸዋ ይሆናሉ። እልፍ ክሪስታል ባንድ ጊዜ ከተፈጠረ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ። ያኔ ከረሜላው አፍ ውስጥ ሟሟ ይላል። የትግራይን ነጭ ማር የቀመሰ ሰው ይገባዋል። እሱም የረጋ ስኳር ነው፤ ክሪስታሉ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ቅቤ ነው የሚለሰልሰው። ሌላ ማር ሲረጋ ደግሞ ቅርጭጭ የሚል አለ።

የእኔ የመጀመሪያ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ድስቱን ከእሳት እንዳወረድኩ ወዲያው ማማሰል ጀመርኩ። ሽሮፑ ገና ትኩስ ነው፤ ትኩስ ውሃ ብዙ ስለሚሸከም ትርፉ ትንሽ ነበር። ጥቂት ክሪስታል ተፈጠረ፣ እሱም እያበጠ ሄደ። በረድ እስኪል መጠበቅ ነበረብኝ። ሲበርድ ትርፉ ይበዛል፤ ያኔ ስታማስሉት ባንድ ጊዜ ይወርዳል።

የሁለተኛው ጥፋት ጠርሙሱ ላይ ነው። ጠቆር ያለው ሽሮፕ ጣዕሙ ጠንከር ያለ ስለሆነ ይሻላል ብዬ እሱን ገዛሁ። ለፓንኬክ እውነት ይሻላል። ለከረሜላ ግን ጣጣ አለው። ወቅቱ እየሞቀ ሲሄድ የዛፉ ውሃ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ። እነሱ ስኳሩን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። ሽሮፑን ከሚያጠቁሩት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ክሪስታል ማለት አንድ ዓይነት ጡብ እየተደረደረ የሚሠራ ግንብ ነው። መሀሉ ላይ ቅርጹ የተለየ ድንጋይ ሲገባበት አልደረደር ይላል። ትንሽ ሲሆን ደግ ነው፤ ክሪስታሉ እንዳይተልቅ ያግዛል። ሲበዛ ግን ግንቡ ጭራሽ አይቆምም፣ ከረሜላው ሙጫ ሆኖ ይቀራል። በካናዳም በአሜሪካም ደረጃው በቀለም አራት ነው፦ ወርቃማ፣ አምበር፣ ጠቆር ያለና በጣም የጠቆረ። ለከረሜላ ወርቃማውን ወይም አምበሩን ያዙ።

የቀረው ቴርሞሜትር ነው። ሰው ሁሉ ሙቀት መለኪያ ነው ይላል። እኔ የውሃ መለኪያ ነው እላለሁ። ንጹሕ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ከዚያም አይወጣም። ስኳር ያለበት ውሃ ግን ስኳሩ በበዛ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ሜፕል ሽሮፕ ሽሮፕ የሚሆነው ከውሃ 4 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲፈላ ነው። ከ16 እስከ 18 በላይ ሲደርስ ስኳሩ ከመቶ 85 አልፏል፤ ለከረሜላ ልክ ነው። ወደ 22 እና ከዚያ በላይ ካሳለፋችሁት ውሃው ከሞላ ጎደል አልቆ ደረቅ ስኳር ይሆናል። ልብ በሉ፣ ቁጥሩን የምቆጥረው ከውሃ መፍያ ተነስቼ ነው። ለምን እንደሆነ እህቴ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

እንግዲህ ወደ ምድጃው። እዚህ አገር የተለመደው ጣሳ 540 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዱን በሙሉ እጠቀማለሁ። ድስቱ ትልቅ ይሁን፤ ሽሮፑ ሩቡን ካልያዘው ጥሩ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ሲፈላ አረፋው ሽቅብ ይወጣና ምድጃውን ያጥለቀልቃል። አረፋው እንዲወርድ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ጣል አድርጉበት። ብዙ ሰው ቅቤ ነው የሚያደርገው። የድሮ ሽሮፕ ሠሪዎችማ የአሳማ ስብ በገመድ ከድስቱ በላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ አረፋው ስቡን ሲነካ እንዲወርድ። በጾም ዘይቱ ይበቃናል።

መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱትና ተዉት። አታማስሉ። ድስቱ ግድግዳ ላይ የደረቀ ስኳር ካያችሁ በረጠበ ብሩሽ ጥረጉት፤ ያቺ ፍርፋሪ ተመልሳ ከገባች ሌሎቹን ያለ ጊዜያቸው ትጠራለች። አጠገቡ ቁሙ። ልጆቹን አርቁ። የፈላ ውሃ ቢያቃጥል ይፈስሳል፤ የፈላ ስኳር ግን ቆዳ ላይ ይለጠፋል።

ውሃ በ100 የሚፈላበት ቦታ ከሆናችሁ 116 ወይም 117 ሲደርስ አውርዱት። አሁን ከባዱ ሥራ መጣ፤ ምንም አለመሥራት። ድስቱ ረጋ ብሎ ይቀመጥ። አትነቅንቁት፣ ማንኪያ አታስገቡ፣ «እስቲ ልቅመስ» አትበሉ። ቴርሞሜትሩ ወደ 80 ዲግሪ እስኪወርድ ቡና ማፍላት ይቻላል። ሁለተኛውን ለመጠጣት ግን አይበቃም።

80 ሲደርስ የእንጨት ማንኪያ ያዙና ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ ምንም የሚመጣ አይመስልም። ከዚያ ቀለሙ መንጣት ይጀምራል፤ ከጠጅ ወደ ወተት ያለው ሻይ ይሄዳል። ማንኪያው ይከብዳል። የሚያንጸባርቀው ወዙ ሲደበዝዝ ካያችሁ ደርሷል፣ ሩጡ። ሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ወይም የመጋገሪያ ወረቀት የተነጠፈበት ትሪ ላይ ወዲያው ገልብጡት። አንድ ደቂቃ ብትዘገዩ ድስቱ ውስጥ ይደርቅባችኋል። እኔ አንዴ ስልክ አንስቼ ድስቴን በቢላዋ ስፈቀፍቅ አመሸሁ። እሱም ቢሆን ኪሳራ የለውም። ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ መልሳችሁ ብታሟሙት ሽሮፕ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ።

ከአንዱ ጣሳ ግማሽ ኪሎ ገደማ ከረሜላ ይወጣል። ሲደርቅ በሚከደን ቆርቆሮ አስቀምጡ፣ ፍሪጅ ግን አይወድም፣ እርጥበት ይስባል። በጣም ስለሚጣፍጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ለአንድ ሰው ይበቃል። ያልተፈተገ ለውዝ ሳይሆን የተቆላና ልጣጩ የወለቀ ለውዝ መጨረሻ ላይ ጣል ቢደረግበት፣ ወይም ሰሊጥ ቢነሰነስበት፣ እኔ በግሌ ከባዶው አስበልጣለሁ። ልጆቼ አይስማሙም።

ትዕግሥት ለሌለው ሰው ደግሞ በረዶ አለለት። የኩቤክ ሰዎች በሽሮፕ ወራት ጫካ ውስጥ ወዳሉት ሽሮፕ መቀቀያ ጎጆዎች እየሄዱ የሚበሉት ነው። ሽሮፑን ወደ 113 ዲግሪ አድርሰው ንጹሕ በረዶ ላይ በቀጭኑ ያፈሱታል፣ ከዚያ በእንጨት ጠቅልለው እንደ ሎሊፖፕ ይበሉታል። ይሄኛው ይለጠጣል እንጂ አይረጋም። ያው ሽሮፕ፣ ለምን? በረዶው ላይ ድንገት ስለሚቀዘቅዝና ስለሚወፍር ስኳሩ ተንቀሳቅሶ ለመሰለፍ ጊዜ አያገኝም። የሚያማስለውም የለም። ታክሲው ከነትርፉ በረዶ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

አሁን የእህቴ ነገር። ባለፈው ዓመት ለገና አንድ ጣሳ በሰው እጅ ላኩላትና አሠራሩን በቴሌግራም ጻፍኩላት። «116 ሲደርስ አውርጂው» አልኳት። በማግስቱ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ጥርሴን ልታስነቅዪኝ ነው? ድንጋይ እኮ ነው!»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኦታዋ ዝቅተኛ ቦታ ናት፣ ውሃ በ100 ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃ በ92 ወይም በ93 ይፈላል። እሷ እስከ 116 ስትጠብቅ ከውሃ መፍያ 23 ዲግሪ በላይ ሄዳለች፤ ከከረሜላ አልፋ ደረቅ ስኳር ውስጥ ገብታለች። ማውረድ የነበረባት በ109 ገደማ ነበር። ስለዚህ የትም ሁኑ የት፣ መጀመሪያ ባዶ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩን አንብቡ። ቴርሞሜትራችሁ ራሱ የሚዋሽ ከሆነም ይህ ያስተካክለዋል። ከዚያ 16 ወይም 17 ደምሩ።

ሽሮፑ አለቀባት፣ ሌላ የሚላክበት ሰው አልተገኘም። እማዬ ናት መላውን የሰጠቻት። «አብሽ አይደል እንዴ? አብሽ መቼ ጠፋ!» አንድ የሾርባ ማንኪያ አብሽ በስሱ ይታመሳል፤ ካረረ ይመርራል። አይፈጭም፣ ከተፈጨ እንደምታውቁት ይዝለገለጋል። ፍሬውን እንዳለ አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍና ውሃውን ማጥለል ነው። በዚያ ውሃ ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ማንኪያ ማር ተሟሙቶ፣ ቫኒላ ጠብ ተደርጎበት እንደ ሜፕሉ ይቀቀላል። ማሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ፣ ቅድም ያልናቸውን ቅርጸ ልዩ ድንጋዮች በትንሹ ያስገባል፤ ከረሜላው አሸዋ እንዳይሆን ይረዳል። ልክ እንደ ሜፕል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ዘመድ ግን ነው።

በገና ዋዜማ ከእህቴ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ከጀርባዋ ሰው ይንጫጫል። «ከረሜላው ቆንጆ ወጥቷል። ግን ቤቱ አብሽ አብሽ ስላለ ጎረቤት ሁሉ ‹ማን ወለደ?› እያለ መጣብኝ። ገንፎ ሲጠብቁ ከረሜላ አስይዤ ሸኘኋቸው።»